አሥራ ሁለተኛው ሟች

አንባቢዋ ያን ቀን ቸኩላ ነበር፤ ችኮላም እንደ ልማዱ ጣጣ አመጣባት። ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት በድምፅ በሚቀዱበት፣ ግድግዳው ብርድ ልብስ በለበሰ ጠባብ ክፍል ውስጥ የጥንት ግሪኮችን ረጅም የጦርነት ግጥም ስታነብ፣ የሟቾቹ ዝርዝር ሰለቻትና ዘላ አለፈችው። ማን ልብ ይለዋል ብላ ነው።

ጋሽ ጆሮ ልብ አሉት። እሳቸው ራሳቸው ዓይነ ስውር ናቸው፤ ሥራቸው የተቀዳውን በጣታቸው ከሚያነቡት ብሬል ጋር ማመሳከር ነው። ዝንብ ብታስነጥስ ይሰማሉ እየተባለ ይቀለድባቸዋል።

«አሥራ አንድ ሰው ሳትቀብሪ ሄድሽ» አሏት።

«ጋሽዬ፣ እከሌ የእከሌ ልጅ በጦር ተወግቶ ሞተ፣ እከሌም ሞተ! ይሄ ዛሬ ለማን ይጠቅማል?»

«ግጥሙን እስከ ዛሬ ያቆየው እሱ ይመስለኛል። ጀግና የትም አገር ሞልቷል። ይሄ ግጥም ግን ብቅ ብሎ የሚሞተውን ተራ ወታደር እንኳ፣ አባቱ ማን እንደሆነ፣ ቤት ማን እንደሚጠብቀው ሳይነግርሽ አይሸኘውም። የጠላትንም ልጅ ጭምር። በይ ተመለሽ፣ ከምዕራፉ መጀመሪያ።»

ተመልሳ አነበበች፤ እየከበዳት። የምትቸኩለው ቤት ብቻዋን ለምትጠብቃት እናቷ ነው። ታናሽ ወንድሟ ከዘመተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ደብዳቤም መርዶም አልመጣም። እናቷ ከዚያ ወዲህ በር ቀርቅራ አታውቅም። ሌባ ሁለት ጊዜ ገብቷል። «ልጄ መጥቶ ተዘግቶ ቢያገኘውስ?» ትላለች፤ አታለቅስም፣ ሌላውም እንዲያለቅስ አትፈቅድም። ቆሞ መጠበቁ እናቷን እንጨት እያደረጋት ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ጆሮ አስጠሯት። ፊታቸው ልክ አልነበረም።

«አሥራ ሁለት ሆኑ» አሉና ቅጂውን ከፈቱት።

የራሷ ድምፅ ነው። አሥራ አንደኛው ከወደቀ በኋላ፣ ሳይቸኩል፣ እንዲህ ይላል፦ «እሱም በወንዙ ዳር ወደቀ፤ የእናቱ የመጨረሻ ልጅ፣ የደረት ኪሱ በቀይ ክር የተሰፋ። እናቱ በሯን ሳትቀረቅር ትጠብቀዋለች።»

«ገጹን ሦስት ጊዜ ዳሰስኩት። የለም» አሉ ጋሽ ጆሮ።

«እኔ አላነበብኩትም!» በሩስ እሺ፣ ከሐሳቧ አምልጦ ይሆናል። ቀዩ ክር ግን ከየት መጣ? ስለ ቀይ ክር የምታውቀው ነገር የለም።

«ላጥፋው?» አሏት።

ቅጂውን በስልኳ ይዛ ወጣች።

እናቷ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ልብስ ታጥፋለች። ልጅቷ ላሰማት አላሰማት ስትል ቆይታ፣ በመጨረሻ ከፈተችው። እናትየው በእያንዳንዱ ሟች ከንፈሯን መጠጠች። «ወይኔ፣ እናቱስ?» ትላለች፣ ሟቹ የጎረቤት ልጅ እንደሆነ ሁሉ። አሥራ ሁለተኛው ሲመጣ እጇ ሸሚዙ ላይ ቀረ።

«ቀዩን ክር ማን ነገረሽ?»

«ምኑን እማዬ?»

«ሊሄድ ሲል፣ ንጋት ላይ፣ ኪሱ ተቀደደበት። ጥቁር ክር አጣሁና በቀይ ሰፋሁለት። አንቺ ተኝተሽ ነበር። ይስቁብኛል ብሎ በጃኬቱ ሸፍኖት ወጣ። ከእሱና ከእኔ በቀር ያየው የለም።»

ልጅቷ ቅጂውን አቆመችው።

«ድገሚልኝ» አለች እናትየው።

ደገመችላት፤ ጋሽ ጆሮ ላጥፋው ወይ ብለው እንደጠየቋትም ነገረቻት። እናትየው ተነሳች፤ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ግራና ቀኝ አየችው፤ ገና ፀሐይ ነበር። ከዚያ ዘጋችው። መቀርቀሪያው በዘጠኝ ዓመት ዝጎ አልንቀሳቀስ አለ፤ ሁለቱም ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ገፉት፣ እየጮኸ ገባ።

«ሰውዬው እንዳያጠፋው ንገሪው» አለች እናትየው። መሬት ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ከራሷ አወረደች። «ነይ ልጄ፣ አሁን እናልቅስ።»