ማንም ያላደረበት ክፍል

ባለቤቴ ሆቴል ስትመርጥ ያላየ ሰው ምርጫ ምን እንደሆነ አያውቅም። እኛ ሌሎቻችን ፎቶ እናያለን፤ እሷ ምርመራ ታካሂዳለች።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ ሆቴል አልጋ አንጣፊ ሆና ሠርታ ባለፈው ወር ጡረታ ወጥታለች። በቀን አሥራ አራት ክፍል፣ አንዳንዴም አሥራ ስድስት። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን አንድ ሌሊት እንኳ በእንግድነት ሆቴል አድራ አታውቅም። ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ ዘመድ ቤት ነው የምናድረው፤ እዚያም ቢሆን ጠዋት ተነስታ የራሷን ብቻ ሳይሆን የባለቤቶቹንም አልጋ ታነጥፋለች።

እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበርኩ። ጡረታ እንደወጣሁ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሌላ ሰው እየነዳልኝ፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ መንፈላሰስ ነው። እሷም እንደዚያ እንድትንፈላሰስ ፈለግሁ። ሦስት ሌሊት፣ ሰው ባነጠፈው አልጋ ላይ፤ ሌላ ምንም አልጠየቅሁም።

ምክንያት የሆነችን የልጅ ልጃችን ናት። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቤቱን የምታዘው እሷ ስለሆነች አለቃ እንላታለን። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ አለቃ ትልቁን መዝናኛ ፓርክ ሳላይ ክረምቱ አይገባም ብላ አወጀች። እናቷ፣ ማለትም ልጃችን፣ የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ነገር በሰንጠረዥ ካልተቀመጠ አይዋጥላትም። ፓርኩ አጠገብ ያሉትን ቅንጡ ሆቴሎች በሙሉ ላፕቶፗ ላይ ለቅማ እሁድ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልን።

«መራጯ እማዬ ናት» አለች። «እኛ ሐሳብ እንሰጣለን፤ የመጨረሻው ቃል የሷ ነው።»

ሚስቴ መነጽሯን አጠለቀች። መሸሽ የነበረብን ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ሆቴል ስንት ሰው የሚያስጎመጅ አዳራሽ ነበረው። እሷ እሱን ዘልላ፣ «ክፍሉን አሳዪኝ፤ መታጠቢያ ቤቱን» አለች። ልጃችን ከፈተችላት። ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው።

«ያምራል አይደል እማዬ?»

«ማን ነው የሚወለውለው?»

«እ?»

«አንድ ሰው ገላውን በታጠበ ቁጥር ጠብታው እላዩ ላይ ይደርቃል። ይሄ ብቻውን ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። አሳዘነችኝ፤ ቀጥዪ።»

«ማን ናት ያሳዘነችሽ?» አልኳት።

«የምታጸዳዋ ናታ!» አለችኝ፣ ይሄ እንዴት ይጠፋሃል በሚል ዓይን።

ሁለተኛው ሆቴል በስምንት ትራስ ወደቀ። «ስምንት ትራስ ለሁለት ሰው? ስንት ራስ አለን?» ሦስተኛው አልጋው ላይ ከፎጣ የተሠራ ዳክዬ አስቀምጧል። አለቃ ዳክዬውን አይታ በደስታ ስትጮህ፣ አያቷ ቀኝ አውራ ጣቷን አንስታ ልክ እንደ ማስረጃ አሳየቻት። «አንድ ዓመት ሙሉ ዳክዬ አጥፉ ተብለን ነበር። ይቺ ጣት እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን ትነግረኛለች።» አራተኛው ነጭ ምንጣፍ ነበረው። ስለ ነጩ ምንጣፍ የተናገረችውን ልጅ ስላለ ብተወው ይሻላል።

ልጃችን ሰንጠረዡ ላይ «እማዬ ያዘነችላቸው» የሚል አዲስ ዓምድ ጨመረች። አለቃ በየመሀሉ «ከመስኮቱ የውሃ ሸርተቴው ይታያል?» ትላለች፤ የሚመልስላት የለም። እኔ ከሊፍቱ ራቅ ያለ ክፍል ይሁን ብዬ ነበር፤ ለኔም ጆሮ የሰጠኝ የለም።

ሰባተኛው ላይ ስንደርስ ትዕግሥቴ አለቀ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልትሠሪበት ነው ወይስ ልትተኚበት?»

መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ አየችኝ። «ልተኛበት ነዋ። ሰው ያለቀሰበት አልጋ ላይ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ዘጠነኛው ሆቴል ከሌሎቹ የባሰም የተሻለም አልነበረም። አዳራሹም፣ ገንዳውም፣ ቁርሱም ያው ነው። ልጃችን ልታልፈው ስትል ሚስቴ እጇን ያዘቻት። «ቆይ። ያንን አስፊው።» የኮሪደር ፎቶ ነው። ፎቶ አንሺው ሳያስተውል ጥጉ ላይ የጽዳት ጋሪ ገብቶበታል። እኛ ሦስታችን ጋሪውን አየን፤ እሷ ውስጡን አየች። አንሶላው ከታች፣ ፎጣው ከላይ፣ ጨርቁ በየቀለሙ ተለይቶ፣ መጥረጊያው ቆሞ ሳይሆን ተሰቅሎ። ደግሞ ጎማው ትልቅ ነው፤ ምንጣፍ ላይ ወገብ አይበላም።

«ይሄ ነው» አለች። «እዚህ ሰው በሥርዓት ነው የሚሠራው።»

ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል በጋሪ ጎማ ሲመረጥ በዓለም የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ለማንኛውም ከመስኮቱ ሸርተቴው ይታይ ነበርና አለቃም አጸደቀችው።

የሄድን ዕለት መሽቶ ነው የገባነው። ክፍላችን ስድስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ሁለት ትልልቅ አልጋዎች ያሉት የቤተሰብ ክፍል ነው። ሚስቴ ገና ሻንጣ ሳታስቀምጥ በጣቷ የበሩን መቃን ከላይ ዳሰሰች። ጣቷን አየችው፤ ንጹሕ ነው። ደስ ሲላት ፊቷ ላይ አነበብኩ፤ እኔም ደስ አለኝ። ሌሊቱን ግን የአልጋው ጠርዝ ላይ፣ አንሶላው እንዳይጨማደድ የፈራች ይመስል፣ ሳትገላበጥ ነው የተኛችው።

ጠዋት ቁርስ ልንወርድ ስንል፣ «እናንተ ቅደሙ፤ መጣሁ» አለች። አለቃ ሁለት ሳህን እስክትጨርስ አልመጣችም። ስትመጣ ጉንጮቿ ቀልተዋል፣ እጅጌዋ ተጠቅልሏል። ሸርተቴው ልባችንን ወስዶት ነበርና ማናችንም አልጠየቅናትም።

ስለ ፓርኩ ብዙ አልናገርም። ከሸርተቴው ስወርድ ያወጣሁትን ድምፅ አለቃ እስካሁን ለጎረቤት እያስመሰለች ታሰማለች። ስልካችንን ውሃ እንዳይነካው መቆለፊያ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠን ቀኑን ሙሉ ስንረጭ ዋልን። አመሻሽ ላይ እግራችንን እየጎተትን ተመለስን፤ ካርዱን በሩ ላይ አስነካሁ፤ ቀይ በራ። ደግሜ አስነካሁ፤ አሁንም ቀይ። ሦስተኛው ላይ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ግማሽ ጢሙን የተላጨ፣ ሌላው ግማሽ አረፋ የሆነ ሰውዬ ፊታችን ቆሟል።

«ክፍላችን ውስጥ ምን ይሠራሉ?» አለችው አለቃ፣ ወገቧን ይዛ።

እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ኮምፒውተሩን አነበበልን። «አንሶላዎቹ አልተነኩም። ፎጣ አልተነካም። የቆሻሻ ቅርጫት ባዶ። ሻንጣ የለም። ማንም አላደረበትም ተብሎ ነው ጠዋት የተመዘገበው። ሦስት ጊዜ ደወልንላችሁ፤ ስልክ አይነሳም። ተራ የሚጠብቅ ሰው ስለነበር ጥላችሁ ሄዳችሁ መስሎን ሰጠነው።»

ወደ ሚስቴ ዞርኩ። ሚስቴ የጣሪያውን መብራት በታላቅ ትኩረት እየተመለከተች ነበር።

«እማዬ» አለች ልጃችን ቀስ ብላ። «ጠዋት መጣሁ ብለሽ የቆየሽው…»

«ትንሽ ነገር ነው ያስተካከልኩት።»

«ሻንጣዎቹስ?»

«ከአልጋው ሥር ናቸዋ። ሻንጣ ክፍል መሀል ተዘርግቶ ያምራል?»

እውነቱን ልናገርና፣ ይሄን ስትል ከንፈሯ ዳር ፈገግታ አይቻለሁ። ማንም አላደረበትም! ሁለት አልጋ፣ አራት ሰው፣ አንድ ሌሊት፣ እና ማንም አላደረበትም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርታ እንዲህ ያለ ምስክርነት ተሰጥቷት አያውቅም። እኔ ግን ተናደድኩ። በእንግድነት እንድትተኛ አምጥቻት፣ በመጀመሪያው ጠዋት ሳትቀጠር ሥራ ጀመረች።

ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም። የጽዳት ክፍሉ ኃላፊ መጣች፤ ከኋላዋ የክፍላችን አልጋ አንጣፊ አለች። ከልጃችን ትንሽ የምትበልጥ ሴት ናት፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ባለግማሽ ጢሙ ሰውዬም አረፋውን እንደያዘ ሻንጣዎቻችንን እየጎተተ ደረሰ። «ጫማዬን ሳወልቅ አገኘኋቸው። ልደውል ስል ናችሁ የመጣችሁት» አለ። ኃላፊዋ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «ከአልጋ ሥር ሳይታይ ክፍል ባዶ ነው አይባልም። ነገ ጠዋት ቢሮ ትመጫለሽ።»

ሚስቴ አለቃን ወደ ጎን አድርጋ ወደ ፊት ወጣች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «እኔም የዚሁ ሙያ ሰው ነኝ፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት። ሻንጣዎቹን እስከ ግድግዳው ድረስ ነው የገፋኋቸው፤ ጎንበስ ብትልም አታያቸውም ነበር። እኔን የመሰለ እንግዳ ገጥሟት ነው እንጂ እሷ ምን ታድርግ!»

ውሸቷን ነው። ሰውዬው ጫማውን ሲያወልቅ ያየውን እሷ አታየውም? ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲባል የኃላፊዋ ፊት ተፈታ። ሚስቴን ከእግር እስከ ራሷ አይታ፣ «ፎጣዎቹንስ እንዴት አድርገው ነው ያልተነኩ ያስመሰሏቸው?» አለቻት። ሁለቱ ስለ ፎጣ አተጣጠፍ ተጨዋውተው ሲጨርሱ የቢሮው ነገር ተረሳ፤ እኛም አራተኛ ፎቅ ላይ ሌላ ክፍል ተሰጠን።

አልጋ አንጣፊዋ ሻንጣ አግዛን እስከ በሩ ድረስ መጣች። እዚያ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እናቴ» አለቻት፤ «ሊያግዙኝ ብለው እንደሆነ ገብቶኛል። እግዜር ይስጥልኝ። ግን ሥራዬን እርስዎ ከሠሩልኝ አንቺ ምን ልትሠሪ መጣሽ ልባል ነው? ነገ አልጋውን ይተዉልኝ። እርስዎ እንግዳ ይሁኑልኝ።»

እኔ ስንት ሳምንት ስለምናት የነበረውን ነገር ሴትዮዋ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ሚስቴ ይዛው የነበረውን ሻንጣ ለሴትዮዋ አስረከበች። በሠላሳ ሦስት ዓመት ትዳራችን የያዘችውን ለሌላ ሰው ስትለቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ ልጃችንና አለቃ ቁርስ ወረዱ። ሚስቴ ቀረች፤ እኔም ዘብ ልሁናት ብዬ ቀረሁ። አልጋው እንደተዝረከረከ ነው። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁለት እጆቿን ከጭኗ ሥር ወሽቃለች፤ አልፎ አልፎ አንደኛው ሊያመልጣት ሲል መልሳ ትወሽቀዋለች። በሩ ተንኳኳ። ሴትዮዋ ገባች፣ ሰላም አለችን፣ ሥራዋን ጀመረች። አንሶላውን በአንድ ውርወራ አየር ላይ ዘረጋችው፤ አልጋው ላይ አረፈ። ሚስቴ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። በኔ በኩል ያለው ማዕዘን ትንሽ ላላ እንዳለ እኔ እንኳ አይቻለሁ። አሁን ጉድ ፈላ አልኩ በልቤ።

ሴትዮዋ ስትጨርስ፣ «ደኅና ነው እናቴ?» አለቻት።

«በጣም ደኅና ነው» አለች ሚስቴ።

በሩ ሲዘጋ ተነስታ ወደ አልጋው ሄደች። ማዕዘኑን ልታጠብቅ ነው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ጫማዋን አወለቀች፤ ወጥታ መሀሉ ላይ፣ ልክ መሀሉ ላይ፣ በጀርባዋ ተንጋለለች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ፀሐዩ መጋረጃው ላይ አለ። ከዓይኗ ጥግ እንባ ወደ ጆሮዋ ወረደ።

«ታውቃለህ» አለችኝ፣ ጣሪያውን እያየች፣ «ከእናቴ ቤት ከወጣሁ አልጋ ያነጠፈልኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት።»

ለነገር ብላ አይደለም ያለችው። ገርሟት ነው። ለነገር ብላ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ መልስ አላጣም። ሳምንት ሙሉ በሷ ስስቅ፣ ለጎረቤት ሳማት የከረምኩ ሰውዬ፣ እንድትንፈላሰስ ብዬ ሆቴል ድረስ ያመጣኋት ሰውዬ፣ በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አንሶላ ይዤ አላውቅም። አፈርኩ። አጠገቧ ለመተኛትም አልደፈርኩም፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ቤታችን በተመለስን በማግስቱ እሷ ገና ሻይ ስታፈላ ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። አውቶቡስ ወደ ኋላ አቁም ብትሉኝ በአንድ እጄ ነው። አንሶላው ግን በአንድ በኩል ስስበው በሌላው ያጥራል። ላብ በላብ ሆኜ ስጨርስ አለቃ ብቅ ብላ፣ «ተጨማዷል» የሚል ሪፖርቷን ለአያቷ አድርሳ ነበርና ሚስቴ እጇን እያደራረቀች መጣች።

አልጋውን ዞረችው። በኔ በኩል ያለው ማዕዘን ጋ ስትደርስ ቆመች። እጇ ተዘረጋ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተመልሶ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ገባ።

«ስንት ኮከብ ነው?» አልኳት፣ ትንፋሼን ይዤ።

«ሁለት» አለች። «ሁለትም የሰጠሁህ ስላዘንኩልህ ነው።»

በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«ነገም እዚሁ ነው የማድረው» አለችኝ። «አደራ፣ ቀድሜህ እንዳልነሳ።»