ባለ ሁለት ወንበሩ ትራክተር

ሲስተር ከትራክተር መሸጫው ግቢ የደረሰችው ዝናቡ ገና እንዳባራ ነው። ከበሩ ጀምሮ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ትራክተሮች ታጥበው፣ ጎማቸው ሳይቀር ተወልውሎ፣ ጭቃ የሚባል ነገር አይተው የማያውቁ ሙሽሮች መስለዋል። እሷ ደግሞ ቦት ጫማዋን አድርጋ፣ የሟች ባሏን ካፖርት እጅጌውን ጠቅልላ ለብሳለች። ሻጩ በመስኮት አያትና ሻዩን አስቀምጦ ወጣ። ሰላም እያላት ዓይኑ ግን ከኋላዋ ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር።

«እንኳን ደህና መጡ እማማ። አባባ መኪና እያቆሙ ነው?»

«አባባ ሞቷል» አለች ሲስተር። «ገዢዋ እኔ ነኝ።»

ሰውዬው ደነገጠ። ነፍስ ይማር አለ፣ ይቅርታ አለ፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ። ክፉ ሰው አልነበረም። «እማማ» ባላት ቁጥር ግን ዕድሜዋ ላይ አምስት ዓመት ይጨምርባት ነበርና፣ ትራክተሮቹ ጋ እስኪደርሱ መቶ ልትደፍን ምንም አልቀራትም።

ዕድሜዋን ሙሉ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ጡረታ ስትወጣ ሥራው ቀርቶ መጠሪያው አብሯት ቀረ፤ ጎረቤቱም ባለሱቁም «ሲስተር» ነው የሚላት። ባሏ የመሬት ቀያሽ ነበር። እሱን ደግሞ ሰው ሁሉ «ሜትሩ» ይለዋል፤ ሜትር ከኪሱ የማይለይ፣ ሰው ቤት ተጠርቶ ሄዶ እንኳ የበሩን ስፋት ሳይለካ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበርና። ሁለቱ ጡረታ ሲወጡ ከከተማ ወጣ ብላ ያለች ቁራሽ መሬት ገዙ። ጥቂት የፍራፍሬ ዛፎች፣ ሁለት ሦስት መደብ አትክልት፣ የቀረው ሣር። ለገበያ የሚተርፍ እርሻ አልነበረም፤ ትርፋችን የወገብ ሕመም ነው እያሉ ይስቁ ነበር። ግን ይወዷት ነበር። ጠዋት ጠዋት ምን እንዳበበ፣ ምን እንደጠወለገ ለማየት እየተሽቀዳደሙ ይወጡ ነበር።

ትራክተር ነድቶ የማያውቅ ሰው የማይገባው አንድ ጉዳይ አለ። ትራክተር ብቻውን ከቦታ ቦታ ከመንጎድ በቀር ፋይዳ የለውም። ሥራ የሚሠራው ማረሻው ወይም የሣር ማጨጃው ከኋላው ሲቀጠልለት ነው። ለመቀጠል ደግሞ ትራክተሩ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ሁለት የብረት ክንዶቹ መሬት ላይ ከተቀመጠው ማጨጃ ጋር ልክ ለልክ የሚገጥሙበት ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ጣት ያህል ከሳተ ክንዱን ከማጨጃው የሚያያይዘው ፒን አይገባም። ስለዚህ ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ከኋላ ቆሞ ያስጠጋል። በነሱ ቤት ሜትሩ ነጂ፣ ሲስተር አስጠጊ ነበሩ።

«ና... ና... ትንሽ ና... ቁም! ኧረ ቁም!»

«የት ጋ?» ይላል እሱ፣ ሳይቆም።

መልሱን እስኪሰማ ማጨጃው ተገጭቷል። «የሰው መሬት ስትለካ ኖረህ ይቺን ስንዝር መለካት አቃተህ?» ትለዋለች። «አንቺ ደግሞ ምጥ የያዛት ሴት አደረግሽኝ እንዴ፣ ምን ያስጮኽሻል!» ይላታል። «እሷማ የምላትን ትሰማለች!» ትላለች መልሳ። ይህ ጭቅጭቅ ሣር በታጨደ ቁጥር የማይቀር ነበር። ሁለቱም ያለሱ ማጨድ የሚቻል አይመስላቸውም ነበር።

ሜትሩ ከሞተ በኋላ አንድ ቀን ብቻዋን ሞከረች። ወደ ኋላ ትነዳለች፣ ታቆማለች፣ ትወርዳለች፣ ታያለች፣ ስቷል። ትወጣለች፣ ትነዳለች፣ ትወርዳለች፣ አሁንም ስቷል። በዚህ በኩል ሲገጥም በዚያ በኩል ያፈነግጣል። ጎረቤት መጥራት ትችል ነበር፤ ግን ዛሬ ብትጠራ ነገም መጥራቷ ነው፣ ከነገ ወዲያም። ረፋዱን ስትወጣና ስትወርድ ቆይታ በመጨረሻ ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያስለቀሳት ፒኑ አልነበረም። ከኋላ ቆሞ «ና» የሚላት አንድ ሰው እንኳ እንደሌላት ያን ቀን ስለገባት ነው። ማጨጃውን እዚያው ትታው ገባች፣ ሣሩም በላዩ ላይ በቀለበት። አሮጌው ትራክተርም ብዙ አልቆየ፤ ሞተሩ ነክሶ አልነሳ አለና ቁርጥራጭ ብረት ገዢ ጎትቶ ወሰደው።

ልጃቸው አንድ ነው። ሩቅ ከተማ፣ ባንክ ውስጥ ይሠራል፤ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። አባቱ የተቀበረ ዕለት አቅፏት፣ «ብቻሽንማ አትኖሪም እማ። ክረምቱ ሲወጣ ጠቅልለን እንመጣለን» አላት። ክረምቱ ወጣ። የልጆቹ ትምህርት ተጀመረና በመሐል ማቋረጥ አይሆንም ተባለ። ሌላው ክረምት ወጣ። ሚስቱ ዕድገት አገኘች። ከዚያ ደግሞ የቤት ኪራዩ ውል አላለቀም። ምክንያቱ ሁሉ እውነት ነበር፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ውሸት ቢሆን ትቆጣው ነበር፤ እውነቱን እየነገራት ምን ትበለው?

ትራክተር ልትገዛ እንደሆነ ስትነግረው ግን ደስ አለው። ስልክ ላይ ያን ያህል ሲያወራ ሰምታው አታውቅም። «ባለ ሁለት ወንበሩን ግዢ እማ፣ ጋቢና ያለውን ትልቁን! እኔ ስነዳ ልጆቹ ተራ በተራ አጠገቤ ይቀመጣሉ። ማጨጃ ምናምን መቀጠሉን ለኔ ተይው።» ሲስተር በዚህች ንግግር ብቻ ስንት ሳምንት ከረመች። ዕቃ ቤቱን ጠረገች፣ የልጆቹን ክፍል ቀለም አስቀባች። ልቧ ግን አንዴ ይመጣል፣ አንዴ አይመጣም ይላታል። ዛሬ እዚህ ግቢ ውስጥ የቆመችው ትራክተር ለመምረጥ ብቻ አልነበረም። ትልቁን ከገዛች ልጇን አምናለች ማለት ነው። ሌላ ከገዛች መጠበቁን ትታለች።

ትልቁ ሰማያዊ ነው። ሻጩ ስለ ፈረስ ጉልበቱ ያወራ ጀመር፤ ይህን ያህል ይጎትታል፣ ይህን ያህል ያነሳል፣ ዳገት አይፈራም። ሲስተር ዳገት የላትም። ያላትን መሬት በሙሉ ይህ ጎልያድ አንዴ ዞሮ ሲመለስ ይጨርሰዋል። ያም ሆኖ ሻጩ በሩን ከፍቶላት በመሰላሉ ወጣች። ውስጡ አዲስ ላስቲክ ይሸታል። በሩ ሲዘጋ የግቢው ድምፅ ሁሉ ጠፋ፤ ሻጩ ከታች አፉን ሲያንቀሳቅስ ታያለች፣ ቃሉ አይሰማትም።

ከጎኗ ሁለተኛው ወንበር አለ፣ ፕላስቲኩ ገና ያልተላጠ። ቦርሳዋን አስቀመጠችበት። መልሳ አነሳችው። ስታስበው ቤቷም ወንበር የሞላ ነው፤ ምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ቦርሳዋም፣ ካፖርቷም፣ ያልታጠፈው ልብሷም የየራሳቸው መቀመጫ አላቸው። አሁን ደግሞ ጎማ ያለው ባዶ ወንበር ልትገዛ ነው። ይህ ሐሳብ መጀመሪያ አሳቃት፣ ከዚያ ቦርሳዋን አንግታ በሩን ከፈተች።

ስትወርድ ሻጩ የኋላውን ክንዶች እያሳያት ነበር። «ይሄ ጠንካራ ነው፣ ምንም አይልም። ማጨጃ የሚቀጠልበት እንደ ድሮው በፒን ነው። ማን ይቀጥልልዎታል?»

«ልጄ።»

«አብሮዎት ነው የሚኖረው?»

«ሊመጣ ነው።»

«መቼ?» አለ ሻጩ።

ተንኮል አልነበረውም። ትራክተሩን በጭነት መኪና የሚያደርሰው እሱ ነው፤ ቤት ሰው የሚገኝበትን ቀን ማወቅ ነው የፈለገው። ሲስተር ክረምቱ ሲወጣ ልትል ነበር፣ ተወችው። ክረምቱ ሊወጣ ምንም አልቀረውም፣ ስለ ዕቃ ማሸግ ግን ማንም አላነሳባትም።

«ብቻዬን ብሆንስ?» አለች። ይህን ጮክ ብላ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

ሻጩ ቀና ብሎ አያት። «እማማ» ሳይል፣ ስለ ፈረስ ጉልበትም ሳያነሳ፣ ወደ ግቢው ጥግ ወሰዳት። እዚያ ቀይ፣ አጠር ያለ፣ ጋቢና የሌለው፣ ወንበሩም አንድ ብቻ የሆነ ትራክተር ቆሟል። ከኋላ ጎማው በላይ፣ ጎማውን በሚሸፍነው ፓራፋንጎ ላይ፣ ሁለት ቁልፎች አሉት፤ አንዱ ክንዶቹን ያነሳል፣ ሌላው ያወርዳል። መሬት ላይ ቆሞ፣ ማጨጃውን በዓይን እያዩ፣ ሥራው በጣት ነው። ክንዶቹም ጫፋቸው ላይ መንጠቆ አላቸው። ፒን መፈለግ የለም፤ ከሥር ገብተው ሲነሱ ራሳቸው ይይዛሉ፣ ትንሽ ቢስቱም ችግር የለውም።

«ባለቤታቸው የሞተባቸው አንድ ሴትዮ ናቸው ያስመጡት» አለ ሻጩ። «መጨረሻ ላይ ልጃቸው ወሰዳቸውና ትራክተሩ እዚሁ ቀረ።»

ሲስተር በሴትየዋ ቀናች። በዚያች ቅጽበት፣ በማታውቃት ሴት፣ አንጀቷ እስኪያር ቀናች።

«ይሞክሩት» አላትና እጁን ኪሱ ከትቶ ራቅ ብሎ ቆመ።

ወጣች። ለሙከራ ወደተቀመጠው ማጨጃ በቀስታ ወደ ኋላ ነዳች፣ የእጅ ፍሬኑን ያዘች፣ ወረደች። አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ክንዶቹን ዝቅ አደረገቻቸው። ትንሽ ቀርቷል። ወጥታ አስጠጋች፣ ደግማ ወረደች፣ የማንሻውን ቁልፍ ተጫነች። መንጠቆዎቹ ቀጭ አሉና ማጨጃው ከመሬት ተነሳ። ብቻዋን ነው ያደረገችው! ደስታው ሰውነቷን ሁሉ ወረራት፣ ፊቷ በራ፣ «አየህ!» ልትል ዞረች። የዞረችው ግን ሻጩ ወደቆመበት አልነበረም። ማንም ወዳልነበረበት ወደ ግራዋ ነበር።

ከዚያ ከግቢው ዳር፣ ከጎማ ክምር አጠገብ ሆና ልጇ ጋ ደወለች።

«እማ! ሰላም ነሽ? ስብሰባ ልገባ ነው፤ መረጥሽ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ የኔ ልጅ። ስለ ትራክተር አይደለም። ትመጣላችሁ?»

ዝም አለ። ሲስተር ዝምታ ታውቃለች። ሕፃኑ ወጥቶ ገና ሳያለቅስ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ የሚጠብቅባትን ያቺን አፍታ ስንት ጊዜ ቆማባታለች። ደህናው ዝምታና ክፉው ዝምታ ለጆሮዋ አንድ አይደሉም።

«እንዴ... እንመጣለን እንጂ እማ» አለ በመጨረሻ። «ብቻ ክረምቱ ይውጣና...»

«እሺ የኔ ጌታ። በል ስብሰባህ እንዳይረፍድብህ።»

ስልኩን ዘግታ ጎማዎቹን ተደገፈች። አላለቀሰችም። ቀለም ያስቀባችውን ክፍል አሰበች፤ ማንም ሳይተኛበት የቀለሙ ሽታ ለቋል። ብቸኝነቱ አዲስ አልነበረም። አዲሱ ነገር ማብቂያ እንደሌለው ማወቋ ነው።

«ቀዩን ነው የምወስደው» አለችው ሻጩን ተመልሳ።

ቢሮው ውስጥ ገብተው ውሉን ተፈራረሙ። «መቼ ላምጣልዎት? የትኛው ቀን ይመችዎታል?» አላት።

«ሁሉም ቀን» አለች ሲስተር።

ወደ ቤቷ በሚወስዳት አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ዳር እንደተቀመጠች ስልኳ ጮኸ። ልጇ ነው። ድምፁ ቀጥኗል፤ ትንሽ ልጅ እያለ ሰሐን ሲሰብር እንዲህ ነበር የሚሆነው።

«ተቀየምሽኝ እንዴ እማዬ?»

«ምን አድርገኸኝ?»

«ድንገት ስትጠይቂኝ እኮ... መምጣት ጠልቼ አይደለም። ታውቂያለሽ አይደል? ሁልጊዜ ነው የማስብሽ።»

«አውቃለሁ» አለች። እውነቷን ነው፣ ታውቃለች።

ፈራ ተባ እያለ፣ «የትኛውን ገዛሽ ታዲያ?» አለ።

 ባለ አንድ ወንበሩን ቀዩን ብትለው ሁሉም ነገር ይገባዋል። እናቱ ከእንግዲህ እንደማትጠብቀው ያውቃል፣ ከዚያ ሥራ ቦታው ተቀምጦ፣ ማታም ከልጆቹ ጋር ገበታ ቀርቦ፣ ሲቆስል ይከርማል። ብቸኝነቱን እሷ ትችለዋለች። ልጇን ማሸከሙ ግን አላስቻላትም።

«ትልቁን» አለች።

«ባለ ሁለት ወንበሩን?»

«ባለ ሁለት ወንበሩን። ሰማያዊ ነው፣ ሲያምር ብታየው!»

ልጇ እፎይ ሲል በስልኩ ውስጥ ሰማችው። ሳቀ፣ ጎሽ እማዬ አለ፣ ልጆቹ ሲሰሙ ይዘላሉ አለ፣ ማን ቀድሞ ይቀመጥ እያሉ ከአሁኑ ነው የሚጣሉት አለ። እሷም አብራው ሳቀች። ከጎኗ የተቀመጠው መንገደኛ ደስ የሚል ወሬ የሰማች መስሎት ፈገግ አለላት።

ሲስተር ውሸት አትችልበትም፤ ዋሽታ ሳትያዝ የቀረችበትን ቀን አታስታውስም። ይህችኛዋ ግን እንደማትታወቅባት እርግጠኛ ነበረች። እንድትታወቅባት ልጇ መጥቶ ማየት አለበት።