የአማቴ ዘጠኝ ቁልፎች

አማቴ ድምፃቸውን ያጡት በጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሙ ዕጢውን አወጣላቸው፤ ጤናቸው ተመለሰ፤ ድምፃቸው ግን ላይመለስ ሄደ። እንደ እርሳቸው ላሉ የጨርቅ ነጋዴ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ፣ ድሮ ሱቃቸው ውስጥ በዋጋ ሲከራከሩ መስማት ነበረባችሁ። እኔማ ምራታቸው ስለሆንኩ ክርክሩ ቤቴ ድረስ በነፃ ይመጣልኝ ነበር።

ባለቤቴ እናቱን ሊያጽናና ብሎ፣ "እማዬ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" አላቸው። አንገታቸው ላይ የምትንጠለጠለዋን ትንሽ ነጭ ሰሌዳ አነሱና "ገበያም አይገባም" ብለው ጻፉለት።

ወደ ሱቅ ከተመለሱ ብዙም ሳይቆዩ አንድ ማታ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ። ምን ሆኑ ብላቸው ሰሌዳዋን አዞሩልኝ። "ልብስ ሰፊዋ ያለ ክርክር ከፈለች" ይላል። ልብስ ሰፊዋ የጥንት ደንበኛቸው ናት፤ ሁለቱ በዋጋ ሲጣሉ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይሰማል። እሷ ያለ ክርክር ከከፈለች አዝናላቸዋለች ማለት ነው። ሌሎቹም ደንበኞች እንደዚያው ሆኑ። አማቴ ደግሞ ረሃብን ይችሉ ይሆናል እንጂ የሰው ከንፈር መምጠጥ አይችሉም። "ሱቁን አከራየው" ብለው ለልጃቸው ጻፉለት። እሱም ተከራይ አገኘና ቅዳሜ ቁርጡን እነግርሃለሁ ብሎ ቀጠረው።

እኔ ፕሮግራመር ነኝ። እጄን አጣጥፌ ማየት አላስቻለኝም።

መዳፍ የምታህል፣ ዘጠኝ ቁልፍ ያላት ኪቦርድ ገዛሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ አንዱ ቁልፍ ሲነካ ስልካቸው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ ስልኩ ደግሞ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ለዚህ የኪቦርዷን ፈርምዌር፣ ማለትም ቁልፍ ሲነካ ምን እንደምታደርግ የሚነግራትን በሆዷ የሚቀመጥ ፕሮግራም፣ እኔው መሥራት ነበረብኝ። የመሥሪያ ቤቴን ላፕቶፕ ላለማበላሸት ሁሉን ያካሄድኩት በቨርቹዋል ማሽን ነው፤ ላፕቶፑ ውስጥ ተከልሎ የሚኖር ሌላ ኮምፒውተር በሉት። ይህን ሳስረዳቸው አማቴ "ቤት ውስጥ ቤት? ኪራዩን ማን ይከፍላል?" ብለው ጻፉ።

ፕሮግራሙ ያለ እንከን ተሠራ። ወደ ኪቦርዷ ልጭነው ስል ግን ኪቦርዷ ከቨርቹዋል ማሽኑ ድራሿ ጠፋ። ኬብሉን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ተሳደብኩ። በኋላ ሲገባኝ፣ ይህች ጉደኛ አዲስ ፕሮግራም ልትቀበል ስትዘጋጅ ራሷን የምታስተዋውቀው በሌላ ስም ነው። እኔ ደግሞ እንድትገባ የፈቀድኩት በመጀመሪያ ስሟ ብቻ ስለነበር በር ላይ ቀርታለች። ሁለተኛውንም ስሟን ሳስመዘግብላት ሰተት ብላ ገባች። ደስታዬ ልክ አጣ፤ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ዋናው ስህተቴ ግን ሌላ ነበር። ዓረፍተ ነገሮቹን ራሴ መረጥኳቸው፦ "እንኳን ደህና መጡ"፣ "ምን ልታዘዝ?"፣ "ስለ መጡ አመሰግናለሁ"። በማግስቱ ሱቅ ውስጥ ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ፤ አማቴን አቅፋ ሳመቻቸው፤ ይባስ ብላ ጨምራ ከፈለች። አማቴ ማታ ኪቦርዷን ጠረጴዛዬ ላይ ወርወር አደረጉና "እኔ መቼ ነው እንዲህ ተናግሬ የማውቀው?" ብለው ጻፉ። እውነታቸውን ነው። ቤታቸው ከገባሁ ጀምሮ አንድም ቀን "ምን ልታዘዝ" ብለውኝ አያውቁም።

ቨርቹዋል ማሽኑን እንደገና ከፈትኩና "እርስዎ ይጻፉ፣ እኔ እገለብጣለሁ" አልኳቸው። ሰሌዳዋ ተሞላች፣ ተጠረገች፣ ደግሞ ተሞላች። ዘጠኝ ቁልፍ የት ይበቃቸዋል! "ለዕርቅ የሚሆንና ለጠብ የሚሆን ለየብቻው እፈልጋለሁ" ብለው ጻፉ። ስለዚህ ፈርምዌሩን ቀየርኩት፤ ቁልፉ ነካ ሲደረግ ለስለስ ያለው ንግግር ይወጣል፣ ተጭነው ሲያቆዩት ክፉው። ልሞክር ብዬ አንዱን ተጭኜ ባቆየው "ዓይንሽ ጨርቁ ላይ፣ ልብሽ ኪስሽ ውስጥ!" ብሎ ጮኸብኝ። ከሳቄ የተነሳ ወንበሩን ያዝኩ። እሳቸውም ትከሻቸው እስኪርገበገብ ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር፤ ለካ በጣም ናፍቀውኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ለተከራዩ መልስ ከመስጠቱ በፊት ሱቁን ሊያይ ከእኔ ጋር መጥቶ ጥግ ላይ ቆሟል። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳጠለቀች ገባች። ሰማያዊውን ሐር ዳሰሰች። አማቴ ዋጋውን ጻፉላት። እሷም ያንን የለቅሶ ቤት ፊቷን አድርጋ ቦርሳዋን ከፈተች።

አማቴ ቁልፍ ተጭነው ያዙ።

"ቦርሳሽን ዝጊ! ልመና ወጣሁ እንዴ?" አለ ስልኩ።

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። "ኧረ እኔ... እንዳላደክምሽ ብዬ ነው እኮ።"

"ካልወደድሽው ሌላ ሱቅ አይተሽ ተመለሺ።"

"ማን አልወደድኩትም አለ? ግን በዚህ ዋጋ ጨርቁን ነው ሱቁን የምትሸጪልኝ?"

የአማቴ ዓይን በራ። አንዱን ቁልፍ ተጭነው አቆዩት።

"ለመስፋት እጅሽ ፈጣን ነው፤ ለመክፈል ሲሆን ያምሻል!"

"እኔን ነው?" ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ መዥርጣ ጠረጴዛውን መታችበት። "የስንቷን ሙሽራ ጨርቅ ከዚህ የገዛሁትን እኔን?"

ክርክሩ ጦፈ። አንዷ ትጮኻለች፣ አንዷ ቁልፍ ትነካለች፤ መንገደኛው በር ላይ መቆም ጀመረ። በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋ ጣቷን ቀስራ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ምላስሽ መቼም አይዶለዱምም!" አለች።

ወዲያው ያለችው ነገር ገባትና አፏን በእጇ ያዘች።

አማቴ ግን እየሳቁ ነበር። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እየወረደ፣ ያለ አንዳች ድምፅ ይስቃሉ። የልብስ ሰፊዋን እጅ ከአፏ ላይ አወረዱላት፤ መቀሳቸውን አነሱና ለስለስ ያለውን ነኩ።

"በቃ፣ ለአንቺ ስል ቀንሻለሁ።"

"አልበቃም፤ ገና ትቀንሻለሽ!" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ እያለቀሰች።

ባለቤቴ ስልኩን አውጥቶ ወደ በሩ ሄደ። በተሰበሰበው ሰው መሀል ቆሞ ተከራዩን ሲያናግረው ሰማሁት።

"ይቅርታ ወንድሜ፣ ሱቁ አይከራይም። እናቴ ሥራ ላይ ናት።"