ወጨጫን ያሻገረው ማን ነው?

ድስቱን ያሸከመኝ አምሐ ነው። «አንቺ ጠንካራ ነሽ» አለኝ፣ ያመሰገነኝ መስሎት። ጠንካራስ ነኝ። ግን የሱባን ደን ሊጎበኙ የወጡ አሥር ሰዎችን ይዞ፣ ወጨጫ ተራራን ተሻግሮ ለሦስት ቀን የሚመራ ሰው ሲፈለግ፣ ከኮልፌ ጀምሮ መንገዱን የማውቀው እኔ ሆኜ የተመረጠው እሱ ነው። የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነዋ! ካርታም አለው። ካርታውን ዘቅዝቆ ሲያነብ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ታኅሣሥ 1976 ዓ.ም. ነበር። የደን ጣቢያው ኃላፊ ጋሽ መሸሻ ለቀበሌያችን መልእክት ልከው ነበር፦ «ቡድናችሁን በደህና የሚያሻግርልኝን ሰው ለጎብኚዎች መንገድ መሪ አድርጌ እቀጥረዋለሁ።» ይቺን ሥራ ከማንም በላይ የምፈልጋት እኔ ተናኘ ነበርኩ። አጎቴ ገሜዳ የደኑ ጠባቂ ስለነበሩ፣ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ፣ ኮልፌ እስክገባ ድረስ፣ ያደግኩት እሳቸው ዘንድ ነው። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ሌላውን ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ፣ የስኳር መጠቅለያ ሳይቀር፣ እያነበብኩ ራሴ ሞላሁት።

የመጀመሪያው ቀን በሰላም አለፈ። ከኮልፌ እስከ ተራራው ግርጌ መንገዱ ፊት ለፊት ስለሚታይ አምሐም አልሳተውም። ያደርንበት የገበሬዎች ማኅበር አዳራሽ ነው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ደኑ ውስጥ ገብተን መገንጠያ ደረስን። በግራው መንገድ ላይ ቅጠሉ ያልጠወለገ የወይራ ቅርንጫፍ ተጋድሟል።

«ይሄን ማነው መንገዳችን ላይ የጣለው?» አለ አምሐ።

«እንዳትነካው» አልኩት። «ጠባቂዎቹ ናቸው። በዚህ አትሂዱ ማለታቸው ነው።»

«አሻጥር ነው!» ቅርንጫፉን በጫማው ጠለዘውና ቁጥቋጦ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በግራ በኩል ያሉትን ጽዶች ሲያይ ፊቱ በራ። ግንዶቻቸው ላይ ዙሪያውን ቀይ ቀለም ተቀብቷል። «ይኸው! መንገዱ በቀይ ምልክት ተደርጎልናል። ቀዩን ትተን ወዴት ልንሄድ ነው?»

«ቀይ የተቀባ ዛፍ የሚቆረጥ ዛፍ ነው። እሱን ተከትለህ ከሄድክ ግንድ የሚያንከባልሉበት ገደል ላይ ነው የምትወጣው። እኔ ቀለሙን ለአጎቴ ስበጠብጥ ያደግኩ ነኝ።»

አምሐ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጓድ ተናኘ፣ ቀይ ወደ ገደል ይወስዳል ነው የምትይው?»

ቀይ የአብዮቱ ቀለም ነው። በዚያን ዘመን ከዚህ ባነሰ ቃል የታሰረ ሰው አውቃለሁ። ቢሆንም ዓይኔን ከዓይኑ አልነቀልኩም።

«እኔ የማወራው ስለ ዛፍ ነው። አንተ ስለምን እንደምታወራ አንተ ታውቃለህ።»

ድስቱን አወረድኩና አጠገቡ ቁጭ አልኩ። «ሂዱ። እኔ ከዚህ አልነቃነቅም።»

የቀበሌው ሴቶች ማኅበር የላካቸው እትዬ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን ሰብስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «እኔም እቀራለሁ። ምሳዬ ያለው ድስቱ ውስጥ ነው።»

ሌሎቹ አምሐን ተከተሉ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ተመለሱ፤ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል፣ የአምሐ ሸሚዝ በቀጋ እሾህ ተዘንጥሏል። ገደል አፋፍ ላይ ደርሰው ነው የዞሩት።

«መንገዱ ተበላሽቷል» አለ አምሐ።

«መንገዱ ነው ወይስ አንተ ነህ፣ አምሐዬ?» አሉት እትዬ ወለተጻድቅ።

«ከዚህ በኋላ ከፊት እኔ ነኝ» አልኩ። «ድስቱን ደግሞ አንተ ትሸከመዋለህ።»

ተሸከመው። የቀረውን ቀንና በማግስቱም መራኋቸው። አምስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ በማያቅፈው ጽድ ሥር አለፍን፤ ጉሬዛዎቹ ከአናታችን በላይ ሲዘሉ ዝም ብሎ መቆምን አስተማርኳቸው። አንድም ሰው እግሩን እንኳ አልተሰበረም።

የጣቢያው አጥር ሲታይ አምሐ ሮጦ ደረሰብኝ። «ተናኘ፣ አሁን እኔ ከፊት ልሁን። እኔ እንደመራሁ ሪፖርቱ ላይ ትፈርሚያለሽ። ስቀጠር ምክትሌ አደርግሻለሁ። እምቢ ካልሽ ግን የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ የለሽም። ያለ እሱ የሚቀጥርሽ እንደሌለ ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ።

«ምክትልህ ሆኜ ምን ልሠራ? ስትጠፋ ልፈልግህ?» አልኩትና ቀድሜው በሩ ደረስኩ።

ጋሽ መሸሻ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ቆመዋል። «እንኳን ደህና መጣችሁ! መሪያችሁ ማነው?»

«እኔ!» አልን፣ ሁለታችንም እኩል።

ጋሽ መሸሻ ሌሎቹን አዩ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። አልፈረድኩባቸውም፤ ነገ ቀበሌ ሱቅ ሲሰለፉ አምሐን ያገኙታል። እትዬ ወለተጻድቅ ብቻ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ይቺ ናት። ይጻፉ!»

«አምኜሻለሁ» አሉ ጋሽ መሸሻ ግንባራቸውን እያሹ። «ግን ልጄ፣ ሊቀመንበሩ ከካደሽ ቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ አይሰጥሽም፤ ያለ እሱ እንዴት አድርጌ ልቅጠርሽ?»

ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀበልኩና በራሴ እጅ ጻፍኩ፦ «ቡድኑን ከመገንጠያው እስከ ጣቢያው የመራሁት እኔ ተናኘ ነኝ።» ፈርሜ መለስኩላቸው።

«ፋይል ውስጥ ያስቀምጡልኝ። ሥራውን ለእሱ ከሰጡት፣ እንግዶችዎ የጠፉ ቀን ማንን እንደሚጠሩ በጽሑፍ አለዎት።»

ወደ ከተማ የሚመልሰን የጭነት መኪና ተዘጋጅቶ ነበር። አምሐ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ በሩን በኃይል ዘጋ። እኔ ድስቴን አንስቼ በመጣሁበት መንገድ በእግሬ ልመለስ ፊቴን ወደ ደኑ አዞርኩ። ሥራው አመለጠኝ፤ እግሬን ግን ማንም አልቀማኝም።

ብዙም ሳልርቅ ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። የአንድ ሰው ብቻ አይደለም።

«ቀስ በይ እንጂ!» ብለው ጮኹ እትዬ ወለተጻድቅ። «መሪ ነኝ ያለ ሰው ተከታዩን ይጠብቃል!»