ስለ እህቴ የጻፍኩት ወረቀት

ታላቅ እህቴ ቫዮሊን ማስተማር ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት። በዚያ ሁሉ ዘመን «ደክሞኛል» ስትል የሰማኋት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ሰምቼ ዝም አልኩ፣ ሁለተኛውን ሰምቼ ወረቀት ጻፍኩ። ምነው ያኔም ዝም ባልኩ።

እኔ እዚያው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የጥገና ሠራተኛ ነኝ። በር ሲንቋቋ ዘይት አጠጣለሁ፣ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ እጠግናለሁ። ትምህርትና እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል።

ዳይሬክተራችንን «ሰዓቱ» ነው የምንለው፤ ሲያወራ ዓይኑ ከእጅ ሰዓቱ አይነቀልም። አንድ ሰኞ መምህራኑን ሰብስቦ፣ «እያንዳንዳችሁ የሙዚቃ ሕይወታችሁንና የማስተማር ዘዴያችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ኮሪደሩ ላይ ለጥፉ። በወሩ መጨረሻ ስምንት ተማሪ ያልሞላለት ክፍሉን ያስረክባል» አለ። እህቴ አራት ነበሯት።

ክፍሏ ስገባ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። ጭንቅላቷ የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ለቋል፤ ሁለቴ ቀብቼዋለሁ፣ ሁለቴም ለቀቀ።

«ደክሞኛል ወንድሜ» አለችኝ። «አንተ ጻፍልኝ። አጭር ይሁን።»

«እንዳልሽ እታለም።»

አጭር ነበር። ገና በአራት ዓመቷ የጎረቤት ዶሮዎችን በቫዮሊን አሰልፋ ወደ ቆጥ እንዳስገባች ጻፍኩ። በአንድ ንጉሥ ሠርግ ላይ ሦስት ክር ተበጥሶባት በቀረው በአንዱ ስትጫወት ሙሽራዋ አልቅሳ አልቅሳ ሠርጉ ለሳምንት እንደተራዘመ ጻፍኩ። የወርቅ ሜዳሊያም ሸለምኳት። ስለ ማስተማር ዘዴዋ ደግሞ፣ «ድንጋይ ብታመጡላት በሦስት ወር መድረክ ታወጣዋለች» አልኩ።

በሁለት ሳምንት ተማሪዎቿ አሥራ አንድ ደረሱ። እሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ የምታነብበት አቅም አልነበራትም፤ እኔም አንብቢ አላልኳት።

የእውነተኛ ዘዴዋ ነገር ሌላ ነው። በመጀመሪያው ወር ተማሪ የቫዮሊን ቀስት አይነካም። ሁለት ክር በጣቷ ትመታና «ተስማሙ ወይስ አልተስማሙም?» ትላለች። ተማሪው በግምት ከመለሰ ታውቅበታለች፤ እንዴት እንደምታውቅ እግዜር ይወቀው። ደግማ ትመታለች። ክፍለ ጊዜው በዚሁ ያልቃል።

በሦስተኛው ሳምንት የአንዲት ተማሪ እናት ልጇን ይዛ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። እኔ የክፍሉን መስኮት እያስተካከልኩ ነው።

«የኔ እህት፣ ልጄ እስካሁን ክር ስታዳምጥ ከረመች። ድንጋይ እንኳ በሦስት ወር መድረክ ይወጣል ተብሎ የለ? የእኔ ልጅ ከድንጋይ ታንሳለች?»

«ማን አለ?» አለች እህቴ።

«ኮሪደሩ ላይ ተጽፏል። ከሜዳሊያው ዝቅ ብሎ።»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔን በዚያ ሰዓት የመስኮቱ ማጠፊያ በጣም አሳሰበኝ።

ወጥታ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበች። ተመልሳ ተቀመጠችና ለሴትዮዋ ተናገረች። እኔ ወንድሟ እንኳ ይህን ሰምቼ አላውቅም።

«ንጉሥ የሚባል በዓይኔ አላየሁም። ከማስተማሬ በፊት ዘጠኝ ዓመት በአንድ ቲያትር ቤት ኦርኬስትራ የመጨረሻዋ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ከጀርባዬ የመጸዳጃ ቤቱ በር ነበር። አንድ ምሽት ክሬ ረግቦ ትርኢቱን ሙሉ ተጫወትኩ። ማንም አላወቀም። እኔም አላወቅኩም፤ በማግስቱ ስቃኝ ነው የገባኝ። ለካ የፊተኞቹን እየሰማሁ የራሴ መስሎኝ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ማዳመጥ ነው የማስተምረው። ሌላ አላውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ጠቀለለች፣ ፈታች፣ መልሳ ጠቀለለች። «እኔም የተጣመመ ስፌት የሚታየኝ በማግስቱ ነው» አለችና ልጇን ትታላት ሄደች።

እህቴ ወረቀቴን ገነጠለች። በቦታው በራሷ እጅ ሁለት መስመር ለጠፈች፦ የመጨረሻዋ ወንበር ላይ ተጫውቻለሁ። ማዳመጥ አስተምራለሁ። በሳምንቱ አራት ተማሪዎች መምጣት አቆሙ።

የወሩ መጨረሻ አርብ ላይ ዋለ። ዳይሬክተራችን «ሰዓቱ» መዝገቡን ይዞ መጣ። «ሰባት» አለ።

«ስምንት ነው» አልኩ። «የአንዱ ስም ሳይጻፍ ቀርቶ ነው።»

«የማን?»

«የእኔ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ፣ ቀጥሎ የእጅ ሰዓቱን አየ። «ደንቡ ስለ ዕድሜ አይናገርም» ብሎ ጻፈኝና ወጣ።

እህቴን በዓይኔ ጠቀስኳት። «በይ ስሜ መዝገብ ላይ ይቀመጥልሽ፤ እኔ ወደ ቧንቧዬ ልሂድ።»

«ተቀመጥ።»

«እታለም፣ ሥራ አለብኝ እኮ።»

«የጻፍከው ውሸት ይበቃኛል፤ ሌላ አልጨምርም። ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ሁለት ክር መታች። «ተስማሙ?»

«እንደ አዲስ ሙሽሮች።»

«አልሰማህም።» ደግማ መታች።

«ተጣልተዋል።»

«ገመትክ።»

መታች። መለስኩ። መታች። ቀልዴ እያለቀ ሄደ። ስንቱን ሰው በምላሴ አሳምኜ የኖርኩ ሰውዬ ለሁለት ክር የምለው አጣሁ።

«አላውቅም» አልኩ በመጨረሻ።

ዓይኗን ገለጠች። ድካሙ ፊቷ ላይ እንዳለ ነበር።

«ሰኞ በምሳ ሰዓት ና» አለች። «ክር የሚጫነውን የግራ እጅህን ጥፍር ቆርጠህ።»