ከሦስት በኋላ

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ወትፋ፣ በሁለት እጇ የኦክስጅን ማሽኑን ማዞሪያ ጨብጣ ቆማለች። ባሏ ሹፌሩ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ እስትንፋሱ እንደ ተቀደደ ወናፍ ይጎተታል።

"አራት ላይ ያድርጉት አላልኩም እንዴ?" አለች ነርሷ በስልኩ ውስጥ።

"አድርጌዋለሁ እኮ ሲስተርዬ። መጨረሻው ላይ ነው ያለው።"

"መጨረሻው ስንት ነው?"

"ሦስት።"

"ሦስት ላይ የሚያልቅ ማሽን አላውቅም። ይጠብቁኝ፣ ቅርብ ነኝ፤ መጣሁ።"

ማሽኑ ጃፓን ውስጥ አገልግሎ የመጣ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ነው በውሰት የሰጣቸው። ያመጣው ሰው ሰክቶ፣ አስነስቶ፣ "ቁጥሩን እያያችሁ ታዞራላችሁ" ብሎ ሄደ። ቁጥሩም ቢሆን አላስቸገረም ነበር፤ አንድ ሰረዝ 一፣ ሁለት ሰረዝ 二፣ ሦስት ሰረዝ 三። "ይሄንንማ ዶሮም ታነበዋለች" ብሎ ሹፌሩ ሲስቅ፣ ያኔ ለመሳቅ የሚበቃ ትንፋሽ ነበረው።

ከሦስቱ ሰረዝ ቀጥሎ ግን ዙሪያውን የተዘጋ ሳጥን አለ፦ 四። ልብስ ሰፊዋ ደጋግማ አየችው። አራት ቢሆን አራት ሰረዝ በኖረው ነበር። ዙሪያው የተዘጋ ነገር የማሽኑ መዝጊያ ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? እሷ ደግሞ ሲያካፋ ጎርፍ የሚታያት ሴት ናት። ልጇን ማሽኑ ፊት አቁማ፣ "ከዚህ ሳጥን እንዳትደርሺ! አባትሽን ትገድዪዋለሽ" ብላ አስጠንቅቃታለች። ባለፈው ሳምንት ነርሷ አራት ስትል ሦስት ላይ አድርጋ ዝም አለች። ማሽኑ አይበቃም ብዬ ከተናገርኩ ድርጅቱ ወስዶት ለሌላ ማሽን ወረፋ ያስይዘናል ብላ ፈራች።

ነርሷ ገባች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ጎንበስ ብላ ማዞሪያውን ወደ ሳጥኑ ገፋችው።

"አታዙሪው!" ልብስ ሰፊዋ እጇን አፈፍ አደረገቻት። "ይጠፋል!"

ማሽኑ አልጠፋም። ጩኸቱ ወፈረ፣ ቱቦው ተርገበገበ። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ የካሜራውን ተርጓሚ ሳጥኑ ላይ ደገነች። ሦስት ሰረዝ ለማንበብ ስልክ የሚያወጣ ሰው አልነበረማ እስከዛሬ።

"አራት ነው የሚለው፣ እማዬ" አለች ቀስ ብላ።

ልብስ ሰፊዋ እጇን ከነርሷ እጅ ላይ አነሳች። የት እንደምታደርገው ግን ጠፋት።

ጥቂት ቆይቶ የሹፌሩ ከንፈር ወደ መልኩ ሲመለስ፣ "እና ሳምንቱን ሙሉ ፍሬን ይዘሽ ነው ስትነጂኝ የከረምሽው በይኛ!" አለ። ልጁ ሳቀችለት። ሚስቱ አልሳቀችም።

ነርሷን ተከትላ ወደ ስፌት መኪናዋ ጥግ ሄደች። በመጋረጃ ከአልጋው ተከልሏል።

"ከዚህ በላይስ?" አለቻት በሹክሹክታ።

"አምስት አለ።"

"ከአምስት በላይስ?"

ነርሷ ያልተሰፉትን የተማሪ ዩኒፎርሞች ታይ ጀመር። "ከአምስት በላይ ይሄ ማሽን የለውም። ሆስፒታልም ቢሄዱ... ሳንባው አያገግምም፣ እናቴ። እየባሰበት ነው የሚሄደው።"

"ያ ሳምንት ባይጎድልበት ኖሮስ?"

"ያው ነበር" አለች ነርሷ ቶሎ ብላ።

ልብስ ሰፊዋ በችኮላ የተሰፋ ስፌት የት ላይ እንደሚተረተር ታውቃለች። ግን አልጎተተችውም።

"አምስቱን አሳዪኝ" አለች።

ነርሷ መጋረጃውን ገልጣ ከኋላቸው ከገባችው ልጅ ስልክ እያየች በልብስ ጠመኔ እራፊ ገበር ላይ ጻፈችላት፦ 五። ከላይ ሰረዝ፣ ከታች ሰረዝ፣ መሀሉ ላይ እግሩ የተሰበረ ወንበር የሚመስል ነገር። ልብስ ሰፊዋ ከሥሩ ደገመችው። አልመሰለም። እንደገና፣ ደግሞ እንደገና፣ እጇ እስኪለምደው ጻፈችው። የቀሚስ አንገት እንደምትቀድ ሰው ትንፋሿን ውጣ ነበር።

"ሁለተኛ እንዳይሳሳቱ የኛን ቁጥር ልለጥፍበት" አለች ነርሷ። ወደ ማሽኑ ተመልሳ ነጭ ፕላስተር ቆረጠች፣ እስክሪብቶ አወጣች።

"ለጥፊልኝ ሲስተር" አለ ሹፌሩ ከአልጋው። "ዕድሜዬን ሙሉ የነዳጅ ጌጅ ሳላይ ነድቼ አላውቅም። ስንት ድረስ ነው የሚሄደው?"

ነርሷ አፏን ልትከፍት ስትል ልብስ ሰፊዋ ፕላስተሩን ከጣቷ ላይ ወሰደችባት።

"አይለጠፍበት። እኔ አነበዋለሁ።"

"እኔስ?" አለ ሹፌሩ።

"አንተ ምን አለብህ! ሹፌሯ እኔ ነኝ፣ አንተ ተሳፋሪ ነህ።"

"እሺ፣ ስንት ድረስ ነው ታዲያ?"

ልጇን አየቻት። ልጅቷ ስልኳን ኪሷ ከተተች።

"ኧረ ገና ብዙ አለው" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ፕላስተሩን በመዳፏ እየጨማደደች።