መስመሩ እስኪበርድ

ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ የመቆጣጠሪያ ክፍል ሠራተኛ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ቆይ ቆይ» ይሉታል፤ ስሙን ለማስቀየር ሃያ ዓመት ለፍቻለሁ፣ አልተሳካልኝም።

ነገሩ ከሥራው የመጣ ነው። ረጅም የከፍተኛ ኃይል መስመር ሲቋረጥ ኤሌክትሪኩ ሙልጭ ብሎ አይጠፋም፤ ከፊሉ ሽቦው ላይ ይቀራል። እሱ ተንጠፍጥፎ ሳያልቅ መልሰው ካበሩት፣ ቮልቴጁ ለቅጽበት ከልኩ ሁለት ሦስት እጥፍ ይዘላል። ባሌ ወጣት ሳለ አለቃው በስልክ ሲጮኽበት ደንግጦ ወዲያው አበራ። ግቢው ውስጥ ሽቦውን የተሸከመው የሸክላ ስኒ ፈነዳና ስብርባሪው የጓደኛውን ቅንድብ ሰነጠቀው። ከዚያ ወዲህ መመሪያው አሥር ደቂቃ ጠብቅ ካለ፣ ሰማይ ቢደፋ አሥር ደቂቃ ይጠብቃል። ክፋቱ ይህንኑ ቤትም ይዞት መምጣቱ ነው። እኔ ስቆጣ እሱ ሰዓቱን ያያል።

ዘንድሮ ሌላ ከተማ ላለ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት እንድሆን ተመረጥኩ። አብረን እንሂድ ወይስ ይቅር ብዬ ብጠይቀው ዝም አለ። እኔም የልቤን ተናገርኩ፤ ግድግዳ አልኩት፣ ሌላም ሌላም ጨመርኩበት። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ስለ ጨውና ስለ በር ቁልፍ ካልሆነ በቀር አልተነጋገርንም።

በአሥረኛው ቀን እስከ ስድስት ሰዓት ለትምህርት ቢሮው መልሴን ማሳወቅ ነበረብኝ። ያለ እሱ መሄድ አልፈልግም፣ ሹመቱን መተውም ያንገበግበኛል። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ሥራ ቦታው ድረስ ሄድኩ።

ገና ወንበር ስስብ ደወሉ ጮኸ። አንዱ ትልቅ መስመር ተቋርጧል። ወዲያው ስልክ ተደወለ፤ አለቃው ፋብሪካዎቹ ቆመዋል፣ ቶሎ አብራ እያለ ሲቆጣ እኔ ድረስ ይሰማል። ባሌ በትህትና ሰባት ደቂቃ እንደሚቀረው ነግሮት ስልኩን ዘጋ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል፣ እጁ ግን ማብሪያውን አልነካም። እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁበት።

ደቂቃው ሞላ። ማብሪያውን አዞረው፣ መስመሩም በሰላም ተመለሰ።

«ለእኔስ ስንት ደቂቃ ነው?» አልኩት።

«የመስመሩማ መመሪያው ላይ ተጽፏል» አለ። «ያንቺ የት እንደተጻፈ አላውቅም።»

ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አቀበለኝ። የእሱ የሥራ ዝውውር ፈቃድ ነው፤ እኔ ወደተመረጥኩበት ከተማ።

«በተጣላን ማግስት ነው የጠየቅኩት። ልነግርሽ እስኪበርድልሽ እየጠበቅኩ ነበር።»

እኔ ዘጠኝ ሌሊት ሙሉ ስገላበጥ፣ እሱ ይህን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበት ኖሯል። ደሜ ፈላ። ግን ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው፤ ብጮኽበት ደግሞ ሌላ ዘጠኝ ቀን ሊጠብቅ ነው። ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ ስልኬን አወጣሁና ለትምህርት ቢሮው ደወልኩ። እሺ ማለቴን የሰማው ጸሐፊ፣ የመምህራን መኖሪያውን ለስንት ሰው ላስይዝ ብሎ ጠየቀኝ።

ባሌ ሰዓቱን ትቶ እኔን ያያል።

«ለሁለት» አልኩ።